የወጋኝ ሥራ ላይ ነው

ክሊኒኩን የከሰስኩት በቂም ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ቂም አልነበረኝም አልልም። ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። ነገር ግን ክሱ ከቂም አልመጣም፤ ቂሙ ነው ከክሱ በኋላ የደለበው። ይህን ቅደም ተከተል ማስተካከል ስለምፈልግ እጽፋለሁ። በዚያ ቤት የሠሩ ሰዎች የየራሳቸውን ሲያወሩ ከርመዋል፤ እኔ ዝም ብዬ ነበር። ዝምታዬን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ የቆጠሩት ስላሉ፣ ይኸው ተናግሬያለሁ። ማንንም በስም አልጠራም። ያወቀ ያውቃል።

ክሊኒኩ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እዚያ ከመቀጠሬ በፊት ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ጤና ጣቢያ ውኃ ይጠፋል፣ ጓንት ያልቃል፣ ወረፋው ከበር አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ከአልጋው አጠገብ ግን ቢጫዋ የካርቶን ሳጥን አትጠፋም ነበር። ሴፍቲ ቦክስ እንላታለን፤ ያገለገለ መርፌ የሚጣልባት፣ ስትሞላ ተወስዳ የምትቃጠል። ወግተሽ ታወጫለሽ፣ የመርፌውን ክዳን ሳትመልሺ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ፣ እዚያው ትጥያለሽ። ይህን እጃችን ራሱ ያውቀው ነበር፤ ማሰብ አያስፈልገንም።

በዚያ ክሊኒክ ሳጥኗ የምትቀመጠው መጋዘን ውስጥ ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ፣ አንሶላ ከሚታጠብበት ክፍል አጠገብ። በገባሁበት ሰሞን የክሊኒኩን ባለቤት ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ ራሱ ሐኪም ነው።

«ደንበኛ የሰው ደም ያለበት ካርቶን እያየ አይተኛም፤ ይህ ቦሌ ነው» አለኝ።

ታካሚ የሚለውን ቃል አይወድም ነበር። ደንበኛ ነው የሚለው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግን አንቺ ነበር የሚለኝ። ሳጥኗ መቀመጥ በነበረባት ቦታ፣ በየአልጋው ራስጌ፣ የፕላስቲክ አበባ የያዘ የአበባ ማስቀመጫ አቁሞ ነበር። አበባው አቧራ ስለሚይዝ የሚወለውለው የፅዳት ሠራተኛ ሳይሆን ነርስ ነበረች። ይህንንም በሰዓቱ ልብ ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ነርሶቹ የየራሳቸውን ዘዴ አበጁ። አንዷ ክዳኑን መልሳ ትገጥምና መርፌውን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ሌላዋ የፍራሹ ጠርዝ ላይ ትሰካውና በኋላ እወስደዋለሁ ትላለች። ሐኪሞቹ ደግሞ የተጠቀሙበትን ትሪው ላይ ጥለው፣ ደንበኛው እንዳያየው ጎዝ፣ ያን ስስ የቁስል ጨርቅ፣ አልብሰውበት ይሄዳሉ። ጎዝ ማልበሱ የጨዋነት ምልክት ነበር። አንድ ሐኪም ሳያለብስ ከሄደ «ባለጌ ነው» ይባላል። ትሪውን ማንሣት የነርስ ሥራ ነው። እኔ ይህንን ሁሉ አይቼ ለነርሶቹ አለቃ፣ ለሜትረኗ፣ ተናግሬያለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ተናግሬያለሁ። ሜትረኗ ከእኔ ጋር ነርስነት የተማረች፣ ዶርም የተጋራን ሴት ናት። ወደዚያ ክሊኒክ ያስገባችኝም እሷ ናት፤ ይህን አልክድም። ሁልጊዜ የምትመልስልኝ አንድ ዓይነት ነበር፤ «አንቺ ደግሞ የመንግሥት ቤት አመልሽ አይለቅሽም።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሙ፣ የክሊኒኩ ባለቤት ራሱ፣ ትከሻው ላይ እብጠት ያለበትን ሰው ሊያክም ገባ። ሰውየው አትላስ አካባቢ ሆቴል ያለው ነው ተብሏል። ሐኪሙ ማደንዘዣውን ወጋው፤ እብጠቱን እየቆረጠ ስለ መሬት ዋጋ ያወሩ ነበር፤ ሰፋው፤ ጎዝ ትሪው ላይ ደርቦ ሰውየውን በእጁ ይዞ እየሳቁ ወጡ። እኔ ጎዙን ሰብሰብ አድርጌ ላነሣ እጄን ስሰድ መርፌው በጓንቱ አልፎ አመልካች ጣቴ ውስጥ ገባ። ገብቶ ቆመ፤ እኔ ነኝ የነቀልኩት።

ወይኔ አላልኩም። እዚያ ቤት ወይኔ አይባልም፤ ደንበኛ ይደነግጣል።

ጓንቱን አውልቄ ቧንቧ ከፈትኩ። ሜትረኗ ደምና ሳሙና ሲወርድ አይታ ገባች።

«ምን ሆንሽ?»

«ወጋኝ። ከጎዙ ሥር ነበር።»

«ጭመቂው! ጭመቂው እንጂ!» ጣቴን ይዛ እንደ ሎሚ ትጨምቀው ጀመር።

«ተይ፤ አይጨመቅም። በውኃና በሳሙና ብቻ ነው።»

«እሺ አስተማሪዬ» አለችኝና እጄን ለቀቀችው።

ሐኪሙ ደንበኛውን ሸኝቶ ሲመለስ ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጓንት አድርጌ እንደሆነ ነው። አድርጌ ነበር አልኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጎዙን በፒንሳ ሳይሆን በእጄ ለምን እንዳነሣሁ ነው።

«መርፌ ከጎዝ ሥር ይቀመጣል እንዴ ዶክተር?» አልኩት።

«ዓይንሽ የት ነበር? የስንት ዓመት ነርስ ነሽ? ጥፋቱ የራስሽ ነው።»

ይህን ያለው ኮሪደር ላይ ነው፤ ወጣቶቹ ነርሶች እየሰሙ። ቀጥዬ ሰውየው ሳይርቅ ተጠርቶ ደሙ እንዲመረመር ይጠየቅልኝ አልኩ። ፈቃደኛ ከሆነ ማለቴ ነው፤ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ስንት ሰው ጠይቄ ስንቱ በደስታ እሺ ብሎኛል። ሐኪሙ ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ሰውየው ግቢ ውስጥ መኪናውን እያስነሣ ነበር።

«እሱን? እሱን ደምህን ስጠን ልለው?» አለ። «ከዚያ በኋላ እዚህ የሚመለስ ይመስልሻል?»

መኪናው ወጣ። ስለዚህ የሰውየው ደም ምን እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚህ ላይ ምን እንደፈለግሁ ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ወሬ የተነሣው ይህ ስላልገባቸው ነውና። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። መርፌው ሥራ ላይ እንደወጋኝ በክሊኒኩ እንዲመዘገብልኝ። በደም የሚተላለፈው በሽታ ይያዘኝ አይያዘኝ የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው። ነገር ግን ቢይዘኝ፣ ከወራት በኋላ ምርመራው ቢያሳይ፣ ሥራ ላይ የወጋኝ መሆኑ የትም ካልተጻፈ፣ ያቺ ሴትዮ ከየት አመጣችው ሊባል ነው። ከየት እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ባል ያላት፣ ማኅበር የምትጠጣ ሴት ከየት አመጣችው? ወይ ከባሏ፣ ወይ ከሌላ። ሦስተኛ የለም። ስሜ በዚያ መርፌ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማንም ግን ስሜን አላየውም።

በዚያኑ ቀን ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጥቼ በሰፈሬ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መከላከያው መድኃኒት ቶሎ ካልተጀመረ ዋጋ የለውም። እዚያ ያገኘሁት ወጣት ልጅ የልጄ እኩያ ይሆናል። እንደ እናቱ አስቀመጠኝ፤ መድኃኒቱን እዚያው አስዋጠኝ፤ ከዚያ «መሥሪያ ቤትዎ አስመዝግበዋል አይደል?» አለኝ። አላስመዘገብኩም ማለት አሳፈረኝና አዎ አልኩት።

መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ፌስታል ይዤ ነበር የምሄደው። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። በእነዚያ ወራት በእኔና በእሱ መካከል የነበረውን እዚህ አልጽፍም። ነገሩን ነገርኩት፤ አመነኝ። ይህ ይበቃል።

ክሊኒኩ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ነርሶች ምሳ የምንበላው መጋዘኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ትሪ ነበር። ሁሉም ከየቤቱ ያመጣውን ይደፋበታል፤ የአንዷ ሽሮ ከሌላዋ ጎመን ይገናኛል። ከተወጋሁ በኋላ በነበረው ሳምንት ሜትረኗ ለብቻዬ በሰሃን አቀረበችልኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ለክብርሽ ነው። ትልቅ ሰው አይደለሽ?»

ሁሉም ነርስ ነው። እንጀራ በጋራ በመብላት ምንም እንደማይተላለፍ እኛ ነን ለሕዝብ የምናስተምረው፤ ግድግዳው ላይ ራሱ ተለጥፏል። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። አንዲት አፏ የማያርፍ ወጣት ብቻ «ሲስተርዬ፣ ለምን አትከሺያቸውም? እኔ ብሆን ቲክቶክ ላይ ነበር የማወጣቸው» አለች። ሳቁ። እሷም ግን ከትሪው ነበር የምትበላው፤ ከእኔ ሰሃን አይደለም። ሰሃኑን ወሰድኩና ጨርሼ በላሁ። ትቼ ብነሣ ደስ ይላቸው ነበር።

ቆይታ ሜትረኗ የታይፕ ወረቀት ይዛ መጣች። ለማስመዝገብ ከፈለግሽ ይህን ፈርሚ ተብለሻል አለች። «በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት በደረሰብኝ አደጋ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«ማንም ይጻፈው። ፈርሚና ይገላግልሽ። ጥፋት ማመን ምን ያሳፍራል? በጓንትሽ፣ በእጅሽ፣ አንቺው ነሽ የነካሽው።»

«ያስቀመጠውስ?»

«እሱ ሐኪም ነው» አለች።

አልፈረምኩም። ከዚያ በኋላ ከሕክምና ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል አደረጉኝ። ያ ሁሉ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ ካርድ ሲያወጣና ሲመልስ ዋለ። ሐኪሙ ሲያልፍ «እዚህ እንኳ የሚወጋ የለም» ብሎኛል። ቀልዱ ነው።

የክፍለ ከተማውን የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል የነገረችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት፤ እህቷ ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ስትሠራ ጣቷን የስፌት ማሽን በስቷት እዚያ ሄዳ ነበር። እኔ ሕግ የፋብሪካ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ሐኪሙ ሕግ ነው። የሄድኩትም ተስፋ አድርጌ ሳይሆን ካርድ ክፍል መቀመጡ ስላንገበገበኝ ነው።

ያነጋገረችኝ ተቆጣጣሪ ሻርፕ የጠቀለለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆረሰ ዳቦ ያለ፣ ሥራ የበዛባት ወጣት ሴት ናት። ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላት። ጓንት እንዳደረግሁ፣ ሌላም ነርስ በእጇ እንደምታነሣ፣ ጎዙን ያለበሰው እሱ እንደሆነ፣ ሳጥኗ መጋዘን እንደምትቀመጥ፣ እኔ በዚያ ቀን ቸኩዬም ደክሜም እንዳልነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራከርኩ። እሷ ትንሽ ካዳመጠች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁዎት እንዴ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ሥራዎን እየሠሩ ነው የወጋዎት?»

«አዎ።»

«ሆን ብለው ራስዎን አልወጉም መቼም።»

«ራሴን ልወጋ?»

«በቃ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። አሠሪው ባያጠፋም ኃላፊ ነው። የእርስዎም ጥንቃቄ ማነስ ይህን አያፈርሰውም። እርስዎ ግን የሚነግሩኝ ሌላ ነገር አለ፤ መርፌው የሚጣልበት ሌላ ክፍል ነው ይላሉ። እሱን ይንገሩኝ።»

ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው፤ ረጅም መንገድ ነው። እነዚያን ሁሉ ወራት ከሐኪሙ ጋር፣ ከሜትረኗ ጋር፣ ከራሴ ጋር ጥፋቱ የማን ነው እያልኩ ስከራከር ከርሜ፣ ለካ ሕጉ ይህን ጥያቄ አያነሣውም። እውነቱን ልናገርና፣ ይህ ነገር ደስ ብቻ አላለኝም። እኔ ጥፋቱ የእሱ ነው እንዲባል እፈልግ ነበር። ሕጉ ደግሞ ስለ እሱ ጥፋት ምንም ግድ የለውም፤ የወጋሽ ሥራ ላይ ከሆነ አሠሪሽ ይመዝግብ፣ ዳግመኛ እንዳይወጋ ያድርግ፣ ነው የሚለው። ያም ሆኖ ማመልከቻውን አስገባሁ።

የመጨረሻው ምርመራዬ ውጤት የወጣው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ነጻ ነኝ። ከጤና ጣቢያው ግቢ ወጥቼ አጥር ተደግፌ አለቀስኩ። በማግሥቱ ካርድ ክፍል ሜትረኗ ዓይኔ ማበጡን አይታ «ምነው፣ ተገኘብሽ እንዴ?» አለችኝ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩበትም። ነጻ መሆኔን ነገርኳት። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ያን ጊዜ የዶርም ጓደኛዬ የነበረችው ሴት ተመለሰች ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሽማግሌ ቤቴ መጣ።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት የሐኪሙ አጎት፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ግድግዳውን ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከኋላቸው የእኔ የንስሐ አባት። ከእሳቸው ኋላ ሜትረኗ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ። የንስሐ አባቴን ማን እንዳሳያቸው አልጠየቅሁም። አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቃቸው።

«ቤቶች» አሉ አጎትየው። «ይህን ደረጃ የሠራው ሰው እንኳን ሽማግሌ ሊልክ፣ ሽማግሌ ሊሆንም አላሰበም።»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

ደንቡ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ይቆማል፤ ባለቤትም ሽማግሌ ቆሞ ማየት አይችልምና ቶሎ እሺ ይላል። እኔ ቁጭ አላልኩም። አብሬያቸው ቆምኩ።

«ልጃችን በድሎሻል» አሉ አጎትየው። «በድሏል ብለን ነው የመጣን።»

«እሱ ነው በድያለሁ ያለው?»

«እኛ ነን የምንለው።»

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«ራሱ ቢመጣ ሽማግሌ ምን ይሠራል?» አሉ፤ ወደ ቄሱ ዞረው ፈገግ አሉ። ቄሱ አልሳቁም።

ሜትረኗ ብርቱካኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «እግዚአብሔር አትርፎሻል። ውጤትሽ ንጹሕ ነው፤ ምንም አልሆንሽም። ታዲያ ምን ቀረሽ? አሁን ክሱ ምንድን ነው የሚለው?»

«ውጤቴን ለነማን ነው የነገርሽው?»

«ለእነሱ ነዋ። ለሽምግልናው።»

«ለሐኪሙስ?»

ብርቱካኑን አስተካከለች። አንዱ ተንከባሎ ሊወድቅ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ታምሜ ቢሆን ኖሮ ከየት አመጣችው ይሉኝ ነበር። ስላልታመምኩ ደግሞ ምን ሆነችና ይላሉ። በሁለቱም በኩል መርፌው አልወጋኝም ማለት ነው።

የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጾሙ እየገባ ነው። ቂም ይዘሽ ልትጾሚ ነው?»

«አባ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው። «አሁን፣ እዚህ፣ በእርስዎ ፊት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!» አሉ አጎትየው፤ የሶፋውን ክንድ ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ክሱን ግን አላነሣም።»

ወገባቸው መሃል ላይ ቆመ። መቀመጥም መቆምም አቃታቸው። «ይቅር ብያለሁ አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ይቅርታ ምንድን ነው?»

«ሰውየውን መጥላት ልተው ማለት ነው። እሱን እሞክራለሁ። ሳጥኗ ግን አሁንም መጋዘን ውስጥ ናት። ነገ ሌላዋን ይወጋታል። ሽማግሌ ደግሞ ለሌላዋ አይላክም፤ እሷ ልጅ ናት፣ ታባርሯታላችሁ።»

ቄሱ በዚህ መሃል ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። «ጉልበቴ አልቻለም፤ በደንቡ አትያዙብኝ» አሉ። «የምን ሳጥን ነው የምትዪው?»

ነገርኳቸው። ከካርቶን የተሠራች ሳጥን፣ ከአልጋው አጠገብ መሆን ያለባት፣ ደንበኛ ያያታል ተብላ የተደበቀች። አጎትየው ወደ ሜትረኗ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«ጋሼ፣ የቤቱ ስታንዳርድ ነው፤ ዶክተሩ...»

«ስለ አንድ ካርቶን ነው እኔን አራተኛ ፎቅ ያወጣችሁኝ?»

ይህን ብለው ግን ከእኔ ጋር አልወገኑም። ሲወጡ «አንቺም ብትሆኚ ልብሽ ደንድኗል» ብለውኛል። ውኃ እንኳ ሳይጠጡ፣ ሳይቀመጡ ሄዱ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ የወጣበት ቤት ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤት ሁሉ ደረጃው ላይ ነበር። የንስሐ አባቴ በሩ ላይ መስቀል አሳለሙኝ፤ ሌላ የንስሐ አባት ፈልጊ አላሉኝም።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ክሊኒኩ የመጣችው በሥራ ሰዓት፣ እንግዳ መቀበያው በሞላበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ በሻይ ሊቀበላት ፈለገ። አልፈለገችም። ከሕክምና ክፍል ጀምራ «መርፌውን ከወጋችሁ በኋላ የት እንደምትጥሉት አሳዩኝ» አለች። ሜትረኗ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ በኮሪደሩ ሙሉ፣ በተሰለፉት ደንበኞች መሃል፣ እስከ መጋዘኑ ሄዱ። ይህን መንገድ በዓይኗ ለካችው። ከዚያ ተመልሳ የፕላስቲክ አበባውን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይህ እዚህ የቆመው ለምንድን ነው?» አለች። እኔ ከካርድ ክፍሉ መስኮት አይ ነበር። ሐኪሙ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሽቆጠቆጥ አየሁት፤ ደስ አለኝ። ይቅርታዬ ያን ያህል ነበር።

ትእዛዙ በጽሑፍ መጣ። በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ሳጥን፤ የወጋ ሁሉ ያገለገለ መርፌ በእጁ ይዞ እንዳይዞር፤ ለሁሉም ሠራተኛ የጉበት ክትባት፤ የደኅንነት ኮሚቴ እንዲቋቋም። የእኔም ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ እንዲመዘገብ። ተመዘገበ። ስሜንና ጣቴን የያዘች አንዲት መስመር ናት። አነበብኳት፤ ወደ ሕክምና ክፍልም መለሱኝ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። አጎትየው ቆመው የተናገሩት ብቻ ነው፤ እሱም ሐኪሙ ራሱ ያላለው።

የደኅንነት ኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ሆነ ብትሉ፣ ሜትረኗ ናት። በሠራተኛው ድምፅ ነው የተመረጠችው። የመጀመሪያውን ሥልጠና የሰጠችውም እሷ ናት። ሰሌዳው ፊት ቆማ «መርፌ የወጋችሁ እንደሆነ አትጭመቁ፤ በውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ ወዲያው አመልክቱ» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ጎበዝ አስተማሪ ነበረች። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አውጥቼ አንድ ነገር ልጠይቃት ነበር፤ ተውኩት። ሳጥኖቹ ገብተዋል። ጥያቄዬ ለሳጥኖቹ ምንም አይጨምርላቸውም ነበር።

ደንበኛም አልቀረም። አንድም ሰው ስለ ሳጥኗ ቅር ብሎት ሲናገር አልሰማሁም። አንዲት አሮጊት ብቻ ምን እንደሆነች ጠይቃኝ ስነግራት «ጎሽ፣ በሌላ ሰው መርፌ እንደማትወጉኝ አየሁ» አለችኝ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ አንዲት አዲስ ነርስ ተወጋች። ከአራብሳ የምትመላለስ፣ ገና ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። ሕፃን ስትከትብ ሕፃኑ ተወራጨባትና መርፌው መዳፏ ላይ አረፈ። ልጅቷ እዚያው፣ ደንበኛ በሞላበት ኮሪደር መሃል፣ «ኦ ማይ ጋድ! ወጋኝ! ሲስተር፣ ወጋኝ!» ብላ ጮኸች። ቤቱ ሁሉ ሰማ። የሕፃኑ እናት ደንግጣ «ልጄ ምንም የለበትም፤ እዩት፤ ከፈለጋችሁ መርምሩት» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ሜትረኗ ከቢሮዋ ወጣች። በልማዷ «ቀስ በይ» ልትላት አፏን ስትከፍት አየሁ፤ መልሳ ዘጋችው። ልጅቷን ወደ ቧንቧው ወሰደቻት። ከዚያ አስቀምጣ ጠየቀቻት፤ የት ነው፣ በየትኛው መርፌ፣ በምን ሰዓት። መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ሊታይ በክሊኒኩ መኪና ተላከች። ሐኪሙ መኪናውን ራሱ አስጠራ። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ስልኳን እየነካካች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አለመጠየቋን ልብ አላለችም።

ያን ቀን ደስ አለኝ ብል ለሰሚም ለእኔም ይቀለን ነበር። የተሰማኝ ግን ቅናት ነው። ልጅቷን አይቼ፣ ለእኔም እንዲህ ቢደረግልኝ ምን ነበር አልኩ። ደግሞም የማንም ውለታ እንዳለባት አታውቅም፤ የነገራት የለም። እኔም አልነገርኳትም። ጋውኔን አውልቄ ሰቅዬ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ።